የበደል ምስክር



የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በዳኛ ፊት ግን አለመርሳት ብቻ አይበቃም፤ ማን፥ የት፥ መቼ፥ በማን ትእዛዝ ተብሎ ይጠየቃል።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ1938 ዓ.ም. የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን አቋቁሞ፥ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋንና ሌላውንም የፋሺስት ግፍ በሁለት ዓይነት ማስረጃ አስረዳ። አንደኛው በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በመሐላ የሰጡት ቃል ነው፤ ሁለተኛውና ብርቱው ሙሶሊኒና ግራዚያኒ የተላላኩት ቴሌግራም ነው። በዳይ የገዛ ቃሉን እንደ ምን አድርጎ ይክዳል?

የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን በ1940 ዓ.ም. ማስረጃውን መርምሮ ግራዚያኒና ባዶሊዮ ሊከሰሱ ይገባል ቢልም፥ ስለ ኢትዮጵያ ደም አንዳቸውም ለፍርድ አልቀረቡም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ 19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነበር። ታዲያ ማስረጃው ከንቱ ቀረን? አልቀረም፤ ዛሬ «አልሆነም» የሚል ቢነሣ ሰነዱ አፉን ያስይዘዋል።

እኛም የአምቦና የሐሮ ወንጪ ልጆች፥ ከሽማግሌዎቻችን የምንሰማውን ስሙን፥ ቦታውንና ዘመኑን እንጻፍ። የታየውን ከተወራው እንለይ፤ የተደባለቀ ቃል እውነተኛውንም ያስጠረጥራልና።