ከሠርግ በኋላ ስላለው ዕድሜ

(ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴ አባላትና ለሴቶች ማኅበራት ተወካዮች ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የወንድና የሴት ድርሻ መለወጥ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በየመድረኩ ብዙ ይነገራል፤ የሚነገረው ግን በአብዛኛው ስለ ተማሪዋ ልጃገረድና ስለ አዲስ ተጋቢዎች ብቻ ነው። ልጅቷ ትማር እንላለን፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ይቅር እንላለን፤ ሙሽሮቹን ተከባበሩ ብለን መርቀን እንሸኛለን። ከዚያ በኋላ ያለውን አርባና ሃምሳ ዓመት ግን ለባለቤቶቹ እንተወዋለን። እኔ ልናገር የምሻው ስለዚህ ስለተተወው ዘመን ነው። የሰው ድርሻ በሠርግ ቀን ተወስኖ የሚቀር አይደለምና፤ ልጅ ሲወለድ፣ ከባልና ከሚስት አንዱ ለእንጀራ ርቆ ሲሄድ፣ ጡረታ ሲመጣ፣ ሞት ሲለይ፣ በየጊዜው እንደ አዲስ ይደለደላል። ለዚህ ድልድል ሳይዘጋጅ የተያዘ ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ብዙ ይቸገራል።

አስቀድሜ ሕጉ የት እንደደረሰ ባጭሩ ላስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ይደነግግ ነበር፤ የጋብቻ ዕድሜም ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው፤ ቤተሰቡን በመምራት ረገድም ባልና ሚስት እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዘዘ። ሕጉ እንግዲህ ከልማዳችን ቀድሞ ሄዷል። ሆኖም ሕግ ሞፈር አያስጨብጥም፤ ሊጥም አያስቦካም።

የሞፈሩን ነገር እንመልከት። በደጋው የአገራችን ክፍል ማረስ የወንድ ሥራ ነው። ሴት ታርማለች፣ ትጎለጉላለች፣ ታጭዳለች፣ ምርቱን ወደ ጎተራ ታስገባለች፤ በሬ ጠምዶ ማረስ ግን ለእርሷ ነውር ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት፣ መሬቱ በስሟ ተመዝግቦ እንኳ፣ የደረሰ ወንድ ልጅ ወይም የሚያርስላት ዘመድ ከሌላት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። ከምርቱ ግማሹ ለአራሹ ይሄዳል። አራሹም የራሱን ማሳ ሳይጨርስ ወደ እርሷ አይመጣም፤ የእርሷ ማሳ ዘግይቶ ይታረሳል፣ ዘግይቶም ይዘራል። ዝናሙ ቀድሞ ከወጣ የዘገየ ዘር ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። በሬ ከሌላትማ ጭንቁ ይብሳል። የመንደሩ ሰው ይህን ሁሉ አይቶ የመበለቲቱን ድህነት ከዕድሏ ይቆጥረዋል። እኔ ግን ከሥራ ክፍፍሉ እቆጥረዋለሁ። መሬቱ አለ፣ ደብተሩም አለ፤ በሃያና በሠላሳ ዓመቷ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ፣ እርሻን የተማረችበት ጊዜ ግን አልነበረም።

ከእርሻውም ሌላ የማታውቀው ብዙ ነገር አለ። የመሬቱ ደብተር ከማን ዘንድ እንደተቀመጠ፣ ለማዳበሪያ የተወሰደው ብድር ስንት እንደሆነ፣ ግብሩ መከፈል አለመከፈሉን፣ ከጎረቤት ጋር የተደረገው ውል በጽሑፍ ይሁን በቃል፣ ይህን ሁሉ አንዳንድ እናቶች የሚሰሙት በባላቸው አርባ ሰሞን ነው። ባለ ዕዳውም ሆነ ባለ ገንዘቡ የሚገለጠው ያን ጊዜ ነው፤ ባለ ዕዳው ግን ዘግይቶ ይገለጣል።

አሁን ወደ ወንዱ ልመለስ። ሚስቱ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ወደ ቤይሩት የሄደችበትን አባት እናስብ። ገንዘቡን ትልካለች፤ ቤቱን የሚይዘው እርሱ ነው። ነገር ግን ማድቤት መግባት ነውር ሆኖ ስላደገ፣ ሥራው ወደ ታላቋ ሴት ልጅ ይተላለፋል። የ12 ዓመት ልጅ ታቦካለች፣ ትጋግራለች፣ ታናናሾቿን ታጥባለች፤ በመጀመሪያ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ትቀራለች፣ ቀጥሎም ጭራሽ ትተወዋለች። ስለ ሴቶች ትምህርት በየዓመቱ የምንደክመው ድካም እዚህ ላይ ይፈስሳል፤ ምክንያቱም የልጅቷን መንገድ ስናቃና የአባቷን እጅ አላሠለጠንንም። ልጅቷን ለማስተማር የሚሻ ኮሚቴ፣ በእኔ እምነት፣ የአርባ ዓመት አባቶችን ሰብስቦ ሊጥ ማቡካት ቢያስተምር ብዙ ያተርፋል። ይህን ስናገር አንዳንድ አባቶች ፈገግ ሲሉ አያለሁ፤ ሐሳቡ ግን የቀልድ አይደለም።

«ባህላችን ይህን አይፈቅድም» የሚሉ አሉ። ባህላችንን ሙሉውን ብናየው ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ሴት በማትወጣበት በደብረ ዳሞ ተራራ ላይ ውኃ የሚቀዳውና ምግብ የሚያበስለው ማን ነው? በየአጥቢያችን ቤተ ልሔም ዱቄቱን አቡክቶ ኅብስቱን የሚጋግረው ወንድ ነው፤ ይህም ከክብር ሥራዎች ሁሉ የከበረ ተደርጎ ይቆጠራል። የአብነት ተማሪም ቁራሹን ለምኖ፣ የራሱን አብስሎ፣ ልብሱን አጥቦ ያድጋል፤ ከዚያ ተነሥቶ መሪጌታ ሲሆን ማንም ወንድነቱን አይጠራጠርም። በሴቶችም ወገን እንዲሁ ነው። በጎጃም ዓይናቸው ማየት የተሳናቸው እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንድ ደቀ መዛሙርትን ቅኔ አስተምረዋል። ስለዚህ አበው የሥራ ለውጥን ያውቁ ነበር፤ እንደየዕድሜውና እንደየቦታው ይቀበሉትም ነበር። ያልለመደብን ይህንኑ ወደ ባለትዳሩ ቤት ማስገባት ነው።

ዕድሜ ራሱ ሰውን እንደሚለውጥ ከእኛ አገር ውጭ ያሉ አጥኚዎችም አስተውለዋል። ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዕድገት በስምንት ደረጃዎች ሲከፍል፣ ሦስቱን ለዐዋቂነት ዘመን ሰጥቷቸዋል፤ ሰባተኛው ደረጃ ሰው ለተተኪው ትውልድ የሚያስብበትና የሚደክምበት ነው። ዴቪድ ጉትማን የተባለ ሌላ አጥኚ ደግሞ በናቫሆ፣ በማያና በድሩዝ ማኅበረሰቦች ዘንድ ባደረገው ምርምር፣ ልጆች ካደጉ በኋላ ወንዶች ወደ ርኅራኄና ወደ ቤት፣ ሴቶች ወደ ሥልጣንና ወደ አደባባይ እንደሚያዘነብሉ ጽፏል። እኛ ዘንድም የምናየው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ባልቴቷ ቆብ ደፍታ ስትመጣ የመንደሩ ሽማግሌ ይነሣላታል፤ በወጣትነቷ ዝም በይ የተባለችበትን ነገር ዛሬ ትፈርድበታለች። አያትየውም ልጆቹን አቅፎ የማያውቀው ሰው የልጅ ልጁን አዝሎ ደጅ ይቀመጣል። ያን ርኅራኄ ገና በሠላሳ ዓመቱ ቢያገኘው ኖሮ ልጆቹ ምንኛ ባተረፉ ነበር!

ለዚህ የሚሆን ጊዜ ግን ጥቂት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ይሰጣል፤ ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን ለክርስትና ድግስ ግዢ እንኳ አይበቃም። በከተማ ደግሞ በ60 ዓመቱ ጡረታ የወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲውልበት ቤቱ ባዳ ይሆንበታል፤ ሚስቱም በሠላሳ ዓመት ባደራጀችው ቤት ውስጥ አዲስ አለቃ የመጣባት ይመስላታል። ስለዚህ ጠብ ንስሓ አባቶች ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

እንግዲህ ከኮሚቴዎቻችሁ የምጠብቀው ከባድ ነገር አይደለም። ለገበሬዎች የሚሰጠው የእርሻ ሥልጠና ሲጠራ ባልና ሚስት አብረው ይምጡ፤ ሚስት ለሻይ ማፍላት ብቻ አትጠራ። የመሬት ደብተሩና የብድር ወረቀቱ የት እንዳለ ሁለቱም የሚያውቁ መሆኑን የሰንበቴ ማኅበራት በየቤቱ ይጠይቁ። ሚስቶቻቸው ወደ ዓረብ አገር የሄዱባቸውን አባቶች ለብቻ ሰብስባችሁ አነጋግሩ፤ ታላቋ ልጅ ትምህርት ቤት መዋሏንም ተከታተሉ።

ከዕረፍት በኋላ በሚኖረን ውይይት፣ በየአጥቢያችሁ መሬታቸውን ለእኩል የሰጡ እናቶች ስንት እንደሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል በሬ ያላቸው ስንቶቹ እንደሆኑ ከእናንተ ለመስማት እፈልጋለሁ።