ያገለገለ ዕቃ ሽያጭና የ1099-ኬ ቅጽ

አንደኛ አቅራቢ፦ በአሜሪካ እንደ ኢቤይ ያሉ የኢንተርኔት ገበያዎች ለሻጭ የከፈሉትን ገንዘብ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት የሚያሳውቁት 1099-ኬ በተባለ ቅጽ ነው። ግዴታው የሚመጣው የሻጩ የዓመት ገቢ ከ20,000 ዶላር፣ ሽያጩም ከ200 ጊዜ ሲበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሕግ መነሻውን ወደ 600 ዶላር አውርዶት ነበር፤ አፈጻጸሙ በየዓመቱ ሲገፋ ቆይቶ በሐምሌ 2025 የጸደቀ ሕግ የቀድሞውን መለሰው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ግዛቶች ግን የራሳቸው መነሻ ሊኖራቸው ይችላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ 600 ዶላር ይበቃል። ቤት ሲቀይር ሶፋና ፍሪጅ የሸጠ ቤተሰብም ቅጹ ሊደርሰው ይችላል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ብዙ ሰው የሚደነግጠውም ያኔ ነው። ቅጹ መጣ ማለት ግን ግብር ተጣለ ማለት አይደለም። ወረቀቱ የተከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ እንጂ ዕቃው ስንት እንደተገዛ አያሳይም። በ900 ዶላር ተገዝቶ በ300 የተሸጠ ሶፋ ትርፍ ስለሌለው ግብር የለበትም።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ የ600 ዶላሩ ኪሳራ ግን ከደመወዝ ላይ አይቀነስም፤ መንግሥት የሚጋራው ትርፉን ብቻ ነው። በ200 ዶላር የተገዛ ጌጥ በ500 ቢሸጥ፣ ቅጽ መጣም አልመጣም፣ 300 ዶላሩ ግብር ይከፈልበታል።

አንደኛ አቅራቢ፦ በኪሳራ ሸጦ ቅጹ የደረሰው ሰው ገንዘቡን በዓመታዊው የግብር ማስታወቂያ ሠንጠረዥ 1 አናት ላይ ያሰፍራል። ማስረጃው የግዢ ደረሰኝ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ለማትረፍ እየገዛ የሚሸጥ ግን ነጋዴ ነው። ገቢውንም ወጪውንም በሠንጠረዥ ሲ ያቀርባል።