ሳንባና የማዕድ ቤት ጢስ



ስለ መተንፈሻ አካላት እንድንናገር ተጠይቀናል። ነገሩን ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ሳይሆን፥ በኢሉባቦር በኡካ አካባቢ ካለ ማዕድ ቤት እንጀምረዋለን። አገሩ ዝናብ የሚበዛበት ስለ ሆነ በክረምት እንጨቱ አይደርቅም። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ውሃ በማትነን ይጨርሰውና በደንብ ሳይነድ ይጨሳል። እናት ስትጋግርና ቡና ስትቆላ ልጇ ከጀርባዋ አይወርድም።

ጢሱ በአፍንጫ ሲገባ የመጀመሪያው ዘበኛ የአፍንጫ ፀጉር ነው። አፍንጫ አየሩን ያሞቀዋል፥ ያረጥበዋልም። ከማንቁርት በታች ያለው የአየር ቧንቧ በስስ ንፍጥ የተለበጠ ነው፤ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ፀጉሮችም ያለ ዕረፍት እየተወዛወዙ የተያዘውን ትቢያ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ይህ ጥበቃ ለመንገድ አቧራ ይበቃል፤ ለጢስ ግን አይበቃም። የጢስ ብናኝ አብዛኛው ከ2.5 ማይክሮን ያነሰ ነው፤ የራስ ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። ይባስ ብሎም ጢሱ ራሱ እነዚያን ረቂቅ ፀጉሮች ያደክማቸዋል።

ያመለጠው ብናኝ በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩት የሳንባ የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። ኦክሲጅን ወደ ደም የሚገባው፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከደም የሚወጣው በእነዚህ ስስ ግድግዳ ነው። ከጢሱ ጋራ የሚመጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ በሄሞግሎቢን ላይ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ቦታውን ይነጥቀዋል።

ሕፃን ከእናቱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ቧንቧውም ጠባብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ የቤት ውስጥ ጢስ የሕፃናትን የሳንባ ምች አደጋ እጥፍ ሊያደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው። (ስሙ ምች ቢባልም በዳማ ከሴ የሚድን አይደለም።)

አረጋውያን፥ ጢስ የሣር ክዳኑን ከተባይ ይጠብቃል ይላሉ፤ እውነት ነው፥ አንክድም። እኛ የምንለው ልጁ ከምድጃው ይራቅ፥ ከምድጃው በላይ ጢስ መውጫ ይከፈት፥ እንጨቱም በበጋ ተከምሮ ይድረቅ ነው።

ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ ደግሞ ሰዓታችንን ይዘን የሚያስል ሕፃን ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ እንቍጠር። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50ና ከዚያ በላይ፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ፥ ሳይመሽ ወደ ጤና ኬላ ይወሰድ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ይህን በሽታ እዚያው በቀበሌው እንዲያክሙ ተፈቅዶላቸዋል።