የጐርፍ ኀይል የማይገድላት እንቁራሪት

በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ



ስለ እንቁራሪት ልናገር መነሣቴን ስትሰሙ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ስንት ከባድ ጉዳይ እያለ እንቁራሪት ምን ቁም ነገር ናት ብላችሁ ይሆናል። እኔ ግን በዚች ትንሽ ፍጥረት በኩል ላነሣው የፈለግሁት የውኃን ነገር ነው፤ ውኃ ደግሞ የሁላችንም ጉዳይ ነው። ዓመቶችን ስጠራ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሁላችን የምናውቃት እንቁራሪት የኩሬና የረግረግ ነዋሪ ናት። እንቁላሏን በረጋ ውኃ ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ጅራታም ግልገል በዚያው እየዋኘ ያድጋል፤ ኋላም እግር አብቅሎ ወደ የብስ ይወጣል። ከተራራ እየተወረወረ በሚወርድ ጅረት ውስጥ ግን ይህ ዓይነቱ ኑሮ አይሆንም። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላል ያገራችን ሰው፤ የተራራ ጅረትማ ሳያሳስቅም ይወስዳል። ይሁን እንጂ በዚያ ውስጥ ኑሯቸውን ያደላደሉ እንቁራሪቶች አሉ።

አንዲቱን ለምሳሌ እንውሰድ። በደቡብ አፍሪካ ከኬፕ ታውን ከተማ በላይ፥ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተደለደለ ስለ ሆነ ቴብል ማውንቴን የተባለ ተራራ አለ። በዚህ ተራራ ጅረቶች ብቻ የምትኖር፥ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማትገኝ እንቁራሪት አለች። ጆን ሂዊት የተባሉ ሊቅ በ1925 ሄሊዮፍራይኔ ሮዜይ ብለው ሰየሟት፤ ያገሩ ሰዎች «የሙት መንፈስ እንቁራሪት» ይሏታል። ርዝመቷ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። የጣቶቿ ጫፎች ሰፋፊ ስለ ሆኑ በረጠበ ቋጥኝ ላይ ተጣብቃ ትወጣለች።

ከእናቲቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ግልገሏ ነው። አፉ ሰፊ መምጠጫ ነው፤ በእርሱ ድንጋዩን ይዞ፥ በድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ሽፋን እየፋቀ ይመገባል። ገላውም ጠፍጣፋ ነው። ውኃ በድንጋይ ላይ ሲፈስ፥ ድንጋዩን የሚነካው ስስ የውኃ ንብርብር ከላይኛው ይልቅ በዝግታ ይሄዳል። ግልገሉም በዚያ ስስ ንብርብር ተሸሽጎ ጐርፉን በላዩ ያሳልፋል። በዚህ ላይ ቀዝቃዛና የሚናጥ ውኃ ብዙ ኦክሲጅን ስለሚይዝ፥ ጅረቱ ለያዘው ደግ ጌታ ነው።

ታዲያ ይህች ፍጥረት ዛሬ ለመጥፋት ተቃርባለች። ጐርፍ ያልገደላትን ምን ሊገድላት ቻለ? ነገሩ እንዲህ ነው። ግልገሏ እስኪያድግ ድረስ ከ12 ወራት በላይ በጅረቱ ውስጥ ይቆያል። በኬፕ ታውን ዝናሙ የሚበረታው እንደ እኛው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ከዚያ ረዥም በጋ ይመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ግልገል አንድ ሙሉ በጋ ማለፍ አለበት። ጅረቱ ለጥቂት ሳምንታት እንኳ ቢደርቅ የዓመቱ ልጆች ሁሉ አለቁ ማለት ነው።

ከተማይቱም ከዚያው ተራራ ትጠጣ ነበር። ውድሄድ የሚባለው ግድብ በተራራው አናት ላይ በ1897 ተፈጸመ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከ2015 እስከ 2018 በዘለቀው ድርቅ ጊዜ ደግሞ የኬፕ ታውን ነዋሪ በቀን ከ50 ሊትር በላይ ውኃ እንዳይጠቀም እስከ መታዘዝ ደርሶ ነበር። እንግዲህ ለእንቁራሪት ሲባል ሰው ይጠማ የሚል አስተዋይ የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን የክረምቱን ትርፍ ጐርፍ ማጠራቀም አንድ ነገር ነው፤ በበጋ የቀረችውን ቀጭን ጅረት ጨርሶ መጥለፍ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው ስንት ሊትር እንደ ወሰደ እንጂ መቼ እንደ ወሰደ አይመረምርም።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በባሌ ተራሮች ደን ውስጥ፥ በፈጣን ትናንሽ ጅረቶች ዳር የምትኖር፥ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማትገኝ እንቁራሪት አለች። ማልኮልም ላርገን የተባሉ ሊቅ በ1991 ኤሪካባትራኩስ ባሌንሲስ ብለው አስታወቋት። እርስዋም ደኑ በመመንጠሩና የጅረቱ ዳር በከብት በመረገጡ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተቈጥራለች። ዛፉ ሲቈረጥ ጥላው ይጠፋል፤ አፈሩም ታጥቦ ወደ ጅረቱ ይገባል። በደለል የተሸፈነ ድንጋይ ደግሞ የሚያዝበት ገጽ የለውም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከመካከላችን ነገ ግድብ የሚሠራ መሐንዲስ፥ መስኖ የሚጠልፍ የእርሻ ባለሙያ፥ ደን የሚያስተዳድር ሹም ይወጣል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወንዝን በክረምት ሞልቶ ሲያጓራ አይታችሁ ብቻ አትለኩት፤ በሚያዝያ ፀሐይም ሄዳችሁ ለኩት። ከዚያችም ላይ ጥቂት ተዉለት። በዚያች የበጋ ውኃ የሚኖረው እንቁራሪት ብቻ አይደለም፤ ከታች እንስራዋን ይዛ የምትጠብቅ እናትም አለች።