የልጆች ጉሮሮ መጠይቅ በዓረብኛ
(በማኅበራችን የጤና ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር)



ቲ-14 የሚባል በእንግሊዝ አገር የተዘጋጀ መጠይቅ አለ። ስለ ልጆች ጉሮሮና ቶንሲል 14 ጥያቄ ይዟል። የሚመልሰው ወላጅ ነው፤ ለያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይሰጣል፤ ድምሩ ቢበዛ 70 ነው። ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ችግሩ የባሰ ነው።

ይህን ለዓረብኛ ተናጋሪዎች ማዘጋጀት ቃል በቃል መገልበጥ አይደለም። የመጽሐፉ ዓረብኛ ሌላ፣ የቤቱ ሌላ ነው፤ የካይሮና የሪያድ እናት አነጋገርም ይለያያል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉሙታል፤ ሌላ ሰው ዋናውን ሳያይ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በወላጆች ይሞከራል። ማንኮራፋትና ትንፋሽ ማጠር ከተምታቱ ነጥቡ ይሳሳታል። በተሳሳተ ነጥብ አንዱ ልጅ ያለ አስፈላጊነት ኦፕራሲዮን ሊደረግ፣ ሌላው ሕክምና ሊቀርበት ይችላል።

እኛስ «እንጥሉ ወረደ» ስንል ሐኪሙ ምን ይረዳ? ስንቴ ታመመ፣ ሌሊት ያንኮራፋል ወይ፣ ምግብ ሲውጥ ያመዋል ወይ፣ ይህንኑ በግልጽ እንንገር። ጥያቄው ካልገባን «አልገባኝም፣ ድገሙልኝ» ማለት ነውር የለውም። ልጁ ራሱ አይናገርም፤ አፉ እኛ ነን።