አውቶማቲክ መኪና በቁልቁለት ላይ
(በነዋሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከአንድ አባል የተሰጠ ንግግር)



ሊቀ መንበሩ ስለ መኪና ጥቂት እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ስለ ዘይት ለውጥ ይሆናል ብላችሁ የመጣችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። አይደለም። የምናገረው በትናንሽ አውቶማቲክ መኪናዎቻችን ውስጥ ከዲ በታች ስላሉት፣ ማንም ስለማይነካቸው የማርሽ ፊደሎች ነው።

በየበራችን ከሚቆሙት መኪናዎች ብዙዎቹ ቪትዝና መሰሎቿ መሆናቸው የታወቀ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ ያለችንን ይዘን መክረማችን ነው። ሰፈራችንም ሽሮ ሜዳ ነው። ከእንጦጦ ፍሬን እምቢ ብሏት የምትወርድ መኪና የምታርፈው እኛው በር ላይ፣ ልጆቻችን መሐል ነው።

እኔ 19 ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። በዚያን ጊዜ ታላላቆቻችን ያስተማሩን አንድ ደንብ ነበር፤ ይኸውም ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚል ነው። ቪትዝ ስገዛ ግን ይህን ሁሉ ረሳሁት። «አውቶማቲክ አይደለች እንዴ፤ ራሷ ታውቃለች» አልኩ።

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ዘመድ ልንጠይቅ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ፣ ባለቤቴ ጋቢና ናት፣ እኅቴና ሁለት ልጆች ከኋላ፣ ዕቃውም ሞልቷል። ጎሐ ጽዮንን አለፍንና ወደ ዓባይ መውረድ ጀመርን። ቦታውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እስከ ድልድዩ ድረስ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,400 ሜትር ያህል ይወረዳል። ማርሹ ዲ ላይ ነው፤ እግሬ ፍሬን ላይ ነው። እኅቴ «ይኼ የሚሸተው ምንድን ነው?» አለች። ከፊታችን የሚሄደው ከባድ መኪና ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለት ኩርባ እንደታጠፍን ፍሬኑን ስረግጠው እንደ ሊጥ ለስልሶ ወደ ታች ገባ።

ያዳነን እጄ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም። በድሮ ልማዱ ዘንጉን ወደ 2፣ ከዚያም ወደ ኤል አወረደው። ሞተሩ ጮኸ፤ ልጆቹም ጮኹ፤ መኪናዋ ግን ያዝ አደረገች። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ በተራራው በኩል ሰፋ ያለ ቦታ አገኘሁና ቆምኩ። ከኋላችን የነበረ የከባድ መኪና ሾፌር ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገልን። ጢሱን አየና «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ማርሽ የላትም እንዴ?» አለኝ። የልጄ እኩያ ነው። መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውና ዕቃ የጫነች መኪና 1,200 ኪሎ ትመዝናለች ብንል፣ ያንን ገደል ስትወርድ የምትለቀው ኃይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ 50 ሊትር ያህል ውሃ ያፈላል። ከዚህ ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን የሚሸከመው ወይ ሞተሩ ነው ወይ ፍሬኑ። ዲ ላይ ስንሆን ካምቢዮው ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ከፍተኛውን ማርሽ ስለሚመርጥ ሞተሩ በዝግታ ይዞራል፤ መኪናዋንም እምብዛም አይዝም። ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። ሸራው ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። የባሰው ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ነው፤ በጊዜ ብዛት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ ያም እርጥበት ሲግል እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። የእኔ ዘይት መኪናዋን ከገዛኋት ጀምሮ አልተቀየረም ነበር። በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ነበረብኝ።

በአንዳንዱ መኪና ላይ 2 እና ኤል፣ በሌላው ኤስ እና ቢ፣ በሌላው ደግሞ ኤም ከመደመርና ከመቀነስ ምልክት ጋር ታገኛላችሁ። ትርጉማቸው ይቀራረባል፤ ማርሹን ዝቅ አድርገህ ያዝ ማለት ነው። መኪናዋ ከኩርባው ወዲያ ያለውን ገደል አታይም፤ እናንተ ግን ታያላችሁ። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር በፍሬን ፍጥነታችሁን ቀንሱና ማርሹን አውርዱ። በ80 ፍጥነት እየበረራችሁ ኤል ማስገባት ግን ካምቢዮ መስበር ነው። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ሲል አትደንግጡ፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ፍጥነቱ እንደገና ከጨመረ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ረግጦ መልቀቅ ነው እንጂ፣ እግርን እዚያው አስተኝቶ መውረድ አይገባም።

ከአራት ኪሎ ፒያሳ ለመሄድ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ዲ ላይ ተዉት፤ በከተማ መሐል ማርሽ የሚነካካ ሰው ለታይታ ነው። ወደ እንጦጦ ስትወጡ ግን ሌላ ነው። በእኛ ከፍታ ላይ፣ ማለት በ2,400 ሜትር፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ አየር ነው የሚያገኘው፤ ካምቢዮውም አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ ይጨነቃል። 2 ወይም ኤስ ላይ ያዙለት።

ዜሮ ማርሽ አድርገው ቁልቁለት የሚወርዱም አሉ፤ «ነዳጅ ይቆጥባል» ይላሉ። በካርቡራተር ዘመን ነገሩ እውነትነት ነበረው። በዛሬው ኢንጀክሽን ሞተር ግን ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ነዳጁ ይቋረጣል፤ ዜሮ ላይ ከሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መጠጣቱን ይቀጥላል። ነዳጁም አይተርፍ፣ ፍሬኑም አይተርፍ።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም አላችሁ። እናንተ ደግሞ ባትሪያችሁን ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ ረጅም ቁልቁለት አትጀምሩ፤ ሞተሩ መኪናዋን እየያዘ የሚያመነጨው ኃይል የሚገባበት ቦታ ያጣና ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬኑ ይመለሳል።

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በማኅበሩ ግቢ እገኛለሁ። መኪናችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ሞተር አጥፍተን የእያንዳንዷን የማርሽ ዘንግ እናያለን፣ ከዚያ ሁለት ሁለት እየሆንን ከእንጦጦ እንወርዳለን። የፍሬን ዘይታቸውን ካስቀየሩ ሁለት ዓመት ያለፋቸው አስቀድመው ያስቀይሩ፤ ካልሆነ ግቢው ውስጥ ይቆያሉ። ዝናብ ከሆነ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይተላለፋል።