በመድረክ ላይ የሚሰማው የኤሌክትሪክ ጩኸትና የመሬት መስመር ጉዳይ

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ስለ ታላቅ ግድብ ወይም ስለ ከፍተኛ የኃይል መስመር አይደለም። ስለ አንድ የሠርግ ዳስ፣ ስለ አንድ ላፕቶፕና ስለ አንድ ጩኸት ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ቢታይም የሰው ሕይወት ያለበት በመሆኑ ጊዜያችሁን ለመሻማት ደፍሬአለሁ።

በጥር ወር በወረታ ከተማ በተደረገ አንድ ሠርግ ላይ የድምፁን መሣሪያ እንዳስተካክል ተለምኜ ነበር። ላፕቶፑ ከሠርጉ ቤት፣ ሚክሰሩና ሞንታርቦው ደግሞ ከጎረቤት ቤት ኃይል ይወስዱ ነበር። አዝማሪው ማሲንቆውን መቃኘት ሲጀምር ዳሱ በማያቋርጥ እዝታ ተሞላ። እኔም ብዙ ሳልመራመር ሁለቱንም የመሬት መስመር በሌለው አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካኋቸው። ጩኸቱ ወዲያው ጠፋ፤ እኔም ተመሰገንሁ። ጥቂት ቆይቶ ግን የሚክሰሩ የኃይል ገመድ ሽፋኑ ተልጦ ኖሮ፣ ፌዙ ከብረት አካሉ ጋር ተነካካ። ማይክሮፎን የያዘው ዘፋኝ ተወርውሮ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። ያ ምስጋና ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ለመሆኑ ጩኸቱ ከየት መጣ? ሁለቱ ቤቶች በየበኩላቸው ወደ መሬት የተቀበረ ዘንግ አላቸው። በሁለቱ ዘንጎች መካከል አነስተኛ የቮልቴጅ ልዩነት ይኖራል። ላፕቶፑና ሚክሰሩ በድምፅ ገመድ በተገናኙ ጊዜ የገመዱ መከለያ ሽቦ የሁለቱ ቤቶች ድልድይ ይሆናል፤ ጅረትም ይሄድበታል። መከለያው 0.1 ኦም ቢሆንና 10 ሚሊ አምፔር ቢያልፍበት 1 ሚሊ ቮልት ይፈጠራል። የላፕቶፑ ድምፅ 300 ሚሊ ቮልት ከሆነ፣ ጩኸቱ ከሙዚቃው በ50 ዴሲቤል ያህል ብቻ ያንሳል ማለት ነው። ጭፈራው ሲደምቅ አይሰማም፤ ማሲንቆው ለብቻው ሲቀር ግን የ50 ሄርትዙ ድምፅና ብዜቶቹ ጎልተው ይወጣሉ።

እንግዲህ በዚያ ዕለት ጩኸቱን ለማጥፋት መሬቱን ማጣት አላስፈለገም ነበር። የመሬት መስመር ያለው ማከፋፈያ ተጠቅሜ ሁለቱን በአንድ ቦታ ብሰካቸው ኖሮ፣ ዙሪያው ስለሚጠብብ ጩኸቱ ያንኑ ያህል በቀነሰ ነበር። እኔ መድኃኒቱንና መርዙን በአንድነት ሰጠሁ።

የፎገራ ሜዳ ጉዳዩን ያከብደዋል። አፈሩ በአብዛኛው ዋልካ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ አፈሩ ርሶ ጅረትን በሚገባ ያስተላልፋል። በበጋ ግን ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከዘንጉም ሊላቀቅ ይችላል። የሠርጉ ወር ጥር የሚውለው በዚሁ በደረቁ ወቅት ነው። የሩዝ መፈልፈያዎችም ከአዝመራው በኋላ ይበረታሉ፤ ሞተራቸው በተነሣ ቁጥር ቮልቴጁን ዝቅ ያደርጋል፣ በመስመሩም ላይ ጩኸት ይጨምራል። የዘንጉ ተቃውሞ 100 ኦም ቢደርስ፣ በ220 ቮልት የሚያልፈው ጅረት ከ2.2 አምፔር አይበልጥም። ባለ 16 አምፔሩ ቆራጭ በዚህ አይነቃም። ስለሆነም ከመሬት መስመሩ ጋር፣ በ30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ጅረት የሚቆርጥ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋል።

መፍትሔው በቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅሎ ላፕቶፑን በባትሪ ማሠራት፤ ጩኸቱ ከጠፋ መንገዱ በኃይል መስመሩ በኩል መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። ቀጥሎ መሣሪያዎቹን ሁሉ የመሬት መስመር ካለው ከአንድ ቦታ መመገብ። ይህ ካልበቃ በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል ትራንስፎርመር ያለው ዲ.አይ. ቦክስ ማስገባት፤ ድምፁ በመግነጢስ ኃይል ይሻገራል፣ የመከለያው ድልድይ ግን ይቆረጣል። መቆረጥ የሚገባው የድምፁ መንገድ እንጂ የሰው መጠበቂያ አይደለም።

ይህ የእኔ የብቻ ሐሳብ አይደለም። የድምፅ መሐንዲሱ ኒል መንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት፣ የመከለያ ሽቦ ወደ መሣሪያው ሲገባ ከውስጥ ወረዳው ጋር ሳይሆን ከብረት አካሉ ጋር መገናኘት እንዳለበት አስረድቷል። የኦዲዮ መሐንዲሶች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2005 ይህንኑ በደረጃ ደንግጓል። በአግባቡ የተሠራ መሣሪያ ከመሬት ጋር እንደተያያዘ ጸጥ ሊል ይችላል።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ «ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንድ ጊዜ ሳያይ፣ አንድ ጊዜ ሲያሳይ» ይባላል። እኔ ዛሬ የነደፈኝን ማሳየቴ ሌላው ሳያይ እንዳይነደፍ ነው። በየከተማችሁ ዳስ የሚተክሉ፣ ሞንታርቦ የሚያከራዩ ወጣቶች አሉ። ዲፕሎማ ላይኖራቸው ይችላል፤ የሰው ሕይወት ግን በእጃቸው ነው። ከመጪው ጥር በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ከእነርሱ ጋር ተቀምጠን ይህንን ብናስረዳቸው፣ የሙያችንን ግዴታ ፈጸምን ማለት ነው።